ውሃ ሽቅብ የወጣበት በጋ

ሶዶ ላይ የቧንቧ ውሃ ሲገባ እኔ ትዳር ይዤ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ፊደል አስተምር ነበር። ከዚያ በፊት የምንቀዳው ከምንጭ ነው። ምንጭ የወረደ ሰው ውሃው ከየት እንደሚነሣ ያያል፤ ጭቃውን ረግጦ፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ፣ በገዛ እጁ ነው የሚቀዳው። ቧንቧ ሲመጣ ይህ ማየት ቀረ። ውሃው ከዳሞታ ተራራ እግር ሥር ተነሥቶ፣ ከከተማው ራስ ላይ በድንጋይ በተሠራ ገንዳ ይጠራቀምና መሬት ለመሬት ተደብቆ ግቢያችን ድረስ ይመጣል። የኛ ፋንታ መክፈትና መዝጋት ብቻ ሆነ። በመካከል ስላለው መንገድ የጠየቀ አልነበረም። ምን ብሎስ ይጠይቃል? ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ እንስራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ቀርቷል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል?

ሰፈራችን ቁልቁለት ላይ ነው። ከኛ በላይ ያለው ሰፊ ግቢ የአንድ ቆዳ ነጋዴ ነበር። አባታቸው ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች ወገን ናቸው፤ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ሶዶ ያደጉ፣ ወላይትኛውን ከኛ እኩል የሚያቀላጥፉ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚገዝፍ ሰው ነበሩ። የበሬና የፍየል ቆዳ ከየገበያው ይሰበስባሉ፣ በጨው ያሹታል፣ የደረቀውን በበርሜል ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ኮታቸውን የሚሰፋላቸው እሱ ነው። እኛ የጸሎት ቤት ሰዎች ነን፣ እነሱ የታቦት። ቢሆንም ጉርብትናችን የሚታማ አልነበረም። የጾም ወራት ሲገባ ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ የሽሮ ወጣቸውን ይልኩልናል፤ እኔም ጎዳሬ ሲደርስ ቀቅዬ በሰሃን እወስድላቸዋለሁ።

በላይኛው ጫፍ፣ ከምንጩ ጎን፣ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ሠሪ ይኖሩ ነበር። የአልጋ ጠፍር፣ የበቅሎ ኮርቻ፣ የከበሮ ቆዳ፣ ሁሉም ከሳቸው እጅ ይወጣል። በወላይታ የቆዳ ሥራ የሚሠራን ሰው እንዴት እንደምናየው የአገሩ ሰው ያውቀዋል። በጠፍራቸው ላይ ተኝተን እናድራለን እንጂ ከቤታቸው ውሃ አንጠጣም። ሽበታቸውን እያየ ሕፃኑም አዋቂውም «አንተ» ይላቸዋል። ሚስታቸው ከኛ ጋር በአንድ ጸሎት ቤት ነበሩ። «በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን» እየተባለ ይሰበካል፤ እሳቸው ግን ከበሩ አጠገብ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ፈቀቅ ብለው አያውቁም። ፈቀቅ በይ ያላቸውም የለም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ያ ክፉ በጋ መጣ። ዝናቡ ቀደም ብሎ አቆመ፣ ምንጩ መነመነ። ቧንቧው ጠዋት ይሰጥና እኩለ ቀን ላይ ይሄዳል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ደረሰ። ከአረካም፣ ከገሱባም፣ በእግርም በጭነት መኪናም እንግዳ ጎረፈ። የሰፈሩ ሴቶች የወጥና የጎዳሬውን ሥራ ግቢዬ ውስጥ ይዘነዋል። ቀትር ላይ ውሃው ሄደ። እየተማረርን ቆይተን ተመለሰ። አንዷ ሴት ባልዲዋን ሞልታ ለእንግዶች በኩባያ ማደል ጀመረች።

መጀመሪያ የተፉት ከአረካ የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። «ይሄ ውሃ ምን ነክቶታል?» አሉ። ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። ከጨዉ በስተኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ አፍንጫዬ ከምላሴ ቀድሞ አወቀው። የተዘፈዘፈ ቆዳ። ባልዲው ውስጥ የከብት ፀጉር ተንሳፍፎ አየሁ።

አስቀድመው የጠጡት ብዙ ነበሩ። በማግስቱ ከእንግዶቹ ገሚሱ ሆዱን ይዞ ተኛ፤ የጎረቤት ልጆችም አስቀመጣቸው። የሞተ ባይኖርም ጉባኤው ሳያልቅ ተበተነ፤ ሰዉ ተቆጣ፣ ከቁጣው ይልቅ ደግሞ ፈራ። የፈራ ሰው ምክንያት ፈልጎ አያጣም። ወሬው ከየት እንደተነሣ አላውቅም፣ ብቻ ሁሉም ሰው አፍ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተገኘ። ውሃው ቆዳ ከሸተተ፣ ምንጩ ዘንድ ቆዳ የሚዘፈዝፍ ማን ነው?

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ግቢዬ ውስጥ ሲናገሩ ሰማኋቸው። ጣታቸውን ወደ ዳሞታ ቀስረው፣ «ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው» አሉ። «ታች የቆሸሸ ከላይ ነው የቆሸሸው። ይሄ ምርምር አያሻውም።»

«ወጥቶ ያየ ሰው አለ ወይ?» አልኳቸው።

«ምን የሚታይ ነገር አለና?» አሉኝ። ወጥ ሥራዬን እንድሠራ በሚነግር ዐይን አዩኝ።

ሰዎቹ ወጡ፤ ሊያዩ ግን አልነበረም። የቆዳ ሠሪውን የመዘፍዘፊያ ገንቦ ሰበሩ፣ ቆዳቸውን ገደል ጣሉ፣ «ከምንጩ ራቅ፣ ከዚህ አገር ሂድ» አሏቸው። እሳቸው ሲለምኑ የሰሙ ሰዎች ነገሩኝ። «የኔ እጣቢ የሚፈሰው በወዲያኛው ሸለቆ ነው፤ ኑ፣ ላሳያችሁ» ነበር የሚሉት። የተከተላቸው የለም። በማግስቱ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወንድማቸው ወዳለበት ወደ ገሱባ ሄዱ። ሚስትየዋ ቀሩ። ከቤታቸው ጀርባ ገና ያልደረሰ እንሰት ነበረ፤ በወላይታ ደግሞ እንሰቷን ጥላ የምትሄድ ሴት የለችም።

እኔ የዚያኑ ሳምንት ወጣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሴትዮዋ እሑድ ከአግዳሚያቸው ቢጠፉብኝ ነው። ከበራቸው ላይ ተቀምጠው የእንሰት ቅጠል ይሰነጥቁ ነበር። «ሚቼ» አሉኝ፣ እኅቴ ማለታቸው ነው፣ «እስቲ ምንጩን ቅመሽው።» ወርጄ በእፍኜ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ ውሃ። ከገንዳው መውጫ ላይ የሚንጠባጠበውንም ቀመስኩ፤ ያው ነው። ወደ ቤት ስመለስ በየመንገዱ ያሉትን ሰዎች ጠየቅሁ። ከላይኛው ሰፈር አንድም ሰው ቆዳ የሸተተው የለም። የሸተተን እኛና ከኛ በታች ያሉት ነን። ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ከላይ ንጹሕ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ንጹሕ ካልሆነ፣ በመካከል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ግን ምን?

መልሱ የመጣልኝ ልብስ ሳጥብ ነው። ቅዳሜ ቀን ሳፋውን መሬት ላይ አኑሬ፣ ከቧንቧው የሚወርደውን ጥቁር ጎማ ሳፋው ውስጥ አስገብቼ እያጠብኩ ውሃው ሄደ። ሲመለስ እንዳልነሣ ብዬ ቧንቧውን ሳልዘጋ ተውኩት። አንሶላውን እያሸሁ ሳለ የሳፋው ውሃ የጎደለ መሰለኝ። ሳፋው ተቀደደ ብዬ ሥሩን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። ውሃው ግን ይጎድላል። የሳሙናው አረፋ እየተሽከረከረ ወደ ጎማው አፍ ሲሄድ አየሁት። ጎማውን ብድግ ሳደርገው ጥም እንደያዘው ከብት ስርርር ብሎ አየር ሳበ።

ጎማውን እንደያዝኩ ከታችኛው ግቢ ጩኸት ሰማሁ። አልቤርጎ የምታከራይ ሴት ናት። «ኧረ ሰዎች! ቧንቧዬ አረፋ ይተፋል! ሳሙና ሳሙና ይላል!»

እሷ ከታች ስትከፍት የኔ ሳፋ ከላይ ይጠጣል። ውሃው ከሳፋው ተነሥቶ በጎማው ሽቅብ ወጥቶ፣ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ፣ ወደ እሷ ወርዷል። የሚገፋው ውሃ ከላይ ሲጠፋ ቧንቧው ባዶውን አይቀመጥም፤ ያገኘውን ይስባል። የኔ ጎማ ያገኘው ሳሙና ነው። ከኔ በላይ ያለው ጎማስ? ቀና ብዬ የቆዳ ነጋዴውን አጥር አየሁ።

ለባለቤቴ ስነግረው መርፌውን አስቀመጠ። «ውሃ ሽቅብ ወጣ ነው የምትይኝ?»

«ወጣ። በዐይኔ አየሁት።»

ወደ ነጋዴው ግቢ እያየ አሰበ። «ለጋሼ እንዲህ ብለሽ ልትነግሪ?» አለኝ በመጨረሻ። የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።

አብረን ገባን። ነጋዴው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከበስተኋላቸው በርሜሎቹ ይታያሉ፤ የአንደኛው በርሜል ጎማ ከቧንቧው ወርዶ እስከ ታች ድረስ ቆዳው መካከል ሰምጧል። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ።

«አንቺ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ለልጆቹም ውሃ ሽቅብ ይሄዳል እያልሽ ነው የምታስተምሪ?»

«ጋሼ፣ እኔም እስከ ትናንት ብሰማ አላምንም ነበር።»

«ቆዳ የሚዘፈዝፈው ሰውዬ ተገኝቶ ተባርሯል። አበቃ።»

«እርስዎስ አይዘፈዝፉም?»

ሳቃቸው ቆመ። ባለቤቴ ክንዴን ነካ አደረገኝ። በዚህ መካከል እትዬ ከጓዳ ወጡ፤ ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። «ምን ቸገረህ?» አሏቸው ባላቸውን። «ትሞክረው። ከሌለበት የለበትም። ካለበት ደግሞ እኛም የምንጠጣው ያንኑ ነው።»

ነጭ ልብስ ሲታጠብ ብጫ እንዳይመታው የሚጨመር ሰማያዊ ዱቄት አለ። እሱን ይዤ መጣሁ። የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ሠራተኛ ከላይ ያለውን መዝጊያ እንዲዘጋልን ባለቤቴ ለመነው። ነጋዴው እየተነጫነጩም ቢሆን ዱቄቱን በገዛ እጃቸው በርሜሉ ውስጥ በተኑት፤ ቧንቧቸውን እንደ ወትሮው ከፈቱት፣ ጎማው እንደ ወትሮው እንደ ሰመጠ ቀረ። እኔ ግቢዬ ወርጄ ቧንቧዬን ከፈትኩ። መጀመሪያ የወረደው ጥሩ ውሃ ነው። ተሳስቼ ይሆን? ውሃው ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ሊቆም ደረሰ። ከዚያ ተንተፋተፈና ሰማያዊ ሆኖ ወረደ። ሽታው ተከትሎ መጣ።

ነጭ ኩባያ ሞልቼ ይዤላቸው ወጣሁ። ነጋዴው ኩባያውን ተቀብለው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጣታቸውን ነከሩበት። በርሜሉን አዩ። ከጎደለው ውሃ በላይ ያለው ሰማያዊ ቀለበት ምን ያህል እንደተሳበ ይናገራል። ከቆዳው ክምር ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም።

«ሰውዬው አሁን የት ናቸው?» አሉኝ።

«ነው» ሳይሉ «ናቸው» አሉ። እትዬም ሰምተውታል፤ ቀና ብለው አዩዋቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን በርሜሉን ደፍቶ፣ ጎማውን ጠቅልሎ፣ ነገሩን በኛው መካከል ያስቀረው ነበር። እኛም ለጉርብትናው ስንል ዝም አንልም ነበር ብዬ አልምልም። እሳቸው ግን ቢላ አመጡና ጎማውን ከበርሜሉ አፍ በላይ ቆረጡት፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ከአየር ላይ ወደ በርሜሉ ይወርዳል እንጂ ጎማው ውሃውን አይነካም። በገበያ ቀን ባለቤቴን አስከትለው በጭነት መኪና ገሱባ ሄዱ።

እዚያ የሆነውን ባለቤቴ ነው የነገረኝ። ሽማግሌው ከወንድማቸው ደጅ፣ ዛፍ ሥር፣ ቆዳ ወጥረው ይፍቁ ነበር። ነጋዴውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ከዚያ በፊት ለሳቸው ሳይነሡ ቀርተው አያውቁም።

«በደለኛው እኔ ነኝ» አሏቸው ነጋዴው። «ከኔ በርሜል ነው የወጣው። ሊነግሩኝ መጥተው እንኳ ስቄባቸዋለሁ። ይቅር ይበሉኝና ወደ ቤትዎ ይመለሱ።»

ሽማግሌው መፋቃቸውን ሳያቋርጡ፣ «እርስዎ አላባረሩኝም» አሉ። «እርስዎ በርሜልዎን ነው የረሱት። ያባረሩኝ ሌሎች ናቸው።»

«እነሱም ይመጣሉ።»

«እንግዲህ ይምጡ።»

ነጋዴው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ግን ነገሩን አልተዉትም። የአገር ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በጉታራው ሜዳ ቀርበው ተናገሩ። የታቦት ሰው ነኝ፣ ባለ ንብረት ነኝ ሳይሉ፣ ጥፋቱ ከኔ ግቢ ነው አሉ። ያ ጣታቸውን ወደ ዳሞታ የቀሰሩት ሽማግሌያችን አልተቀበሉም። «በሰማያዊ ዱቄት ነው እግዚአብሔር የፈጠረውን መንገድ የምንለውጠው?» አሉ። ነጋዴውም፣ «አባቴ፣ ይምጡና ያሸቱት» ብለው ያንን የቆረጡትን ጎማ በሌላ ረጅም ጎማ ለውጠው፣ ሰዉን ሁሉ ሰብስበው፣ ውርደታቸውን እንደገና በአደባባይ አሳዩ። ሰማያዊው ውሃ ሲመጣ ሽማግሌያችን ቀርበው አሸተቱት። «እኔ ሰማንያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ውሃን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ። ከሌላ ሽማግሌ ጋር ሆነው ገሱባ የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ከነጋዴው ልመና ይልቅ ያ የሽማግሌ እግር ሳይሠራ አልቀረም፤ ዝናቡ ሲይዝ ቆዳ ሠሪው አህያቸውን እየነዱ ተመለሱ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ ሰዎቹ ክፉ አለመሆናቸው ነው። አብረውኝ የሚዘምሩ፣ ልጆቻቸውን የማስተምርላቸው ሰዎች ናቸው። የያዙትም ቃል ውሸት አልነበረም፤ ውሃ በርግጥ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ነገር ግን የታወቀ እውነት ሲገኝ ሰው ወጥቶ ማየት ይሰለቸዋል። ደግሞም እውነቱ የጠቆመው ወደማንም አይደለም፤ አስቀድመን ወደናቅነው ሰው ነው። ጣቱ ወደ ነጋዴው ቢያመለክት ኖሮ ያን ቀን ያለ ምርምር የሚነሣ ሰው ይገኝ ነበር ወይ? አይመስለኝም።

የውሃ ሠራተኛው ከዚያ ወዲያ በየግቢው እየዞረ ጎማ ያስቆርጥ ጀመር። ሳፋ ውስጥ፣ የከብት ገንዳ ውስጥ፣ የጠላ ጋን ውስጥ ሳይቀር የሰመጠ ጎማ ተገኘ። ቆዳ ነጋዴው በዚህም አልበቃቸው። አዲስ አበባ ሲሄዱ በውስጡ ምላስ ያለበት የነሐስ ዕቃ ገዝተው መጡና ከግቢያቸው መግቢያ ቧንቧው ላይ አስገጠሙት። ውሃው ሲገባ ምላሱ ይከፈትለታል፣ ልመለስ ሲል ይዘጋበታል። ሰዉ «አሁንስ ተገላገልን» አለ።

እሳቸው ግን አላመኑትም። በየዓመቱ በጋው ከመግባቱ በፊት ከአጥሩ ማዶ ይጠሩኛል። «አስተማሪ! ዱቄትሽን ይዘሽ ነይ!» መዝጊያው ይዘጋል፣ ጎማው ለፈተናው ብቻ በርሜሉ ውስጥ ይሰምጣል፣ እኔ ታች ወርጄ ቧንቧዬን እከፍታለሁ። ጥሩ ውሃ ይወርድና ይቆማል፤ ሰማያዊ የለም። እሳቸው ከላይ፣ «እህስ?» ይላሉ። እኔ፣ «ንጹሕ ነው፣ ጋሼ!» እላለሁ። ባለቤቴ በሁለታችን ይስቅ ነበር።

አንድ ዓመት ግን ሰማያዊ ሆኖ መጣ። ጠዋት ከዚያው ቧንቧ ውሃ ጠጥተን ነበር፤ ምንም አላወቅንም። ሲፈቱት ከምላሱ ሥር አሸዋ ገብቶ አላስዘጋ ብሎት ተገኘ። ያ ዕቃ ለስንት ጊዜ እንደዚያ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ እንደነበረ የሚያውቅ የለም፤ ከውጭ ሲያዩት ያው የሚያብረቀርቅ ነሐስ ነው። ነጋዴው አሸዋውን በመዳፋቸው ይዘው፣ «አየሽ፣ ገዝቼዋለሁ ብዬ ብተኛ ኖሮ» አሉኝ። አጥበው፣ ምላሱን አስቀይረው መለሱት፤ ደግመን ፈተንነው፣ ዘጋ።

ቆዳ ሠሪው ከተመለሱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ኖሩ። አልተቀየሙም ለማለት አልችልም። ጠፍር ይሠሩልናል፣ ሰላምታችንን ይመልሳሉ፤ ወደ ሰፈራችን ግን አንድ ቀን እንኳ ወርደው አልተቀመጡም። ሚስታቸው ወደ ጸሎት ቤት ተመለሱ። እኔ ከአጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ፤ ከኔ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሴት መጣች፤ ያ አግዳሚ እያደር ሞላ። እሳቸውን ወደ ፊት የጠራቸው ግን የለም፤ እኛ ነን ወደ እሳቸው የሄድነው። ይህ ልዩነት እንዳለው ያኔ አልገባኝም ነበር።

ቆዳ ሠሪው ሲያርፉ ሰፈሩ በሙሉ ዳገቱን ወጣ። ነጋዴው ጉልበታቸው ደክሞ በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው የመጡት። ከቀብር ስንመለስ ሴትዮዋ የለቅሶ ምግብ አቀረቡ፤ ቆጮና ጎመን፣ ውሃም በኩባያ። ነጋዴው የመጀመሪያውን ኩባያ ተቀብለው ጠጡ። እኔም፣ ባለቤቴም በላን። ሌሎችም በሉ። አንዳንዶቹ ሰሃኑን ይዘው ጥቂት ቆዩና፣ ሰው ያየናል ወይ ብለው ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ ሳይነኩት ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ሴትዮዋ አይተዋል። ምንም ሳይሉ ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አንሥተው ወደ ቤት አስገቡ፤ እኔም ተነሥቼ የቀሩትን አነሣሁላቸው።